ያቺ ፒካፕ በሊትር ስንት ትሄድ ነበር?

ባለፈው ሳምንት እዚሁ ባሕር ዳር ነዳጅ ለመቅዳት ተሰልፌ ነበር። ሰልፉ ከማደያው ተነሥቶ፣ ሁለት ጊዜ ታጥፎ፣ ዘንባባዎቹን ተከትሎ ወደ ሐይቁ የሚወርደው መንገድ ላይ ደርሷል። የፒካፔን ሞተር አጥፍቼ፣ መስኮቱን ከፍቼ ተቀምጫለሁ። ከፊቴ ያለው ሰው የጀሪካኑን ክዳን ፈቶ ወደ ውስጥ ሲያይ የቤንዚኑ ሽታ ከጣና ነፋስ ጋር ተቀላቅሎ መጣ። ይህ ሽታ ሌላውን ሰው ራሱን ያዞረው ይሆናል፤ እኔን ግን ወጣት ያደርገኛል። ዐይኔን ጨፈን አድርጌ የድሮውን ጋራዥና ያቺን ሰማያዊ ፒካፕ ሳስብ (ሰማያዊ ነበረች ልበል? ባለቤቴ አረንጓዴ ነበረች ትላለች) አንድ ሽማግሌ መጡና ከዘራቸውን መኪናዬ ላይ አስደገፉ። ጎንበስ ብለው ጎማዬን አዩና፣ «ይቺ በሊትር ስንት ትሄዳለች?» አሉ። ድምፁን ዐወቅኩት፤ ፊቱን ግን አላወቅኩትም። ትንሽ ቆይቶ ነው ፊቱም የመጣልኝ። ጋሽ ሙላት ናቸው። ሞተዋል ብዬ፣ ነፍስ ይማር ካልኩ ስንት ዓመቴ! ምን እንደመለስኩላቸው ከመንገሬ በፊት ወደ ኋላ ልመለስ፤ ያለዚያ መልሴ አይገባችሁም። እኔም ቢሆን በደንብ የገባኝ አይመስለኝም።

ዘመኑ የደርግ ነው። ዓመቱን ልንገራችሁ ብል እሳሳታለሁ፤ ልቤ የያዘው ሌላ ሌላውን ነው። ሐይቁ ዳር አንድ ሙሉ የተጠበሰ ዓሣ በሽልንግ ይበላ ነበር፤ ሎሚውና ሚጥሚጣው በነጻ። ስሙኒ የያዘ ሰው ሻይ ከነፓስቲው አግኝቶ፣ ጥርሱን እየፋቀ ዘንባባ ሥር ይንጎራደዳል። ወንዱ ሁሉ ካኪ ለባሽ ነው። እኔ እንኳ ካኪዬን በልኬ አሰፍቼ፣ የሱሪውን እግር ትንሽ ሰፋ አስደርጌ፣ ጸጉሬን አጎፍሬ የምሄድ ሰው ነበርኩ፤ ዛሬ ፎቶውን ሳሳያቸው ልጆቼ ይስቃሉ። የጋራዣችን ጥግ ላይ አንዲት ሙዚቃ ቤት ነበረች። ያንኑ ካሴት ቀኑን ሙሉ ስታጫውት ካሴቱ ያረጅና ዘፋኙ እንቅልፍ የያዘው ይመስል መጎተት ይጀምራል። እኛም ዜማው እንደዚያ መስሎን እየጎተትን እናንጎራጉር ነበር። የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ሠራተኛ ሲወጣ መንገዱ በብስክሌት ይሞላል፤ መኪና ብርቅ ነው፤ ባለፈ ቁጥር ማን እንደሚነዳው ከተማው ሁሉ ያውቃል። አሁን በቆምኩበት ሰልፍ ላይ ያለው መኪና ያኔ በከተማው ከነበረው ሁሉ ሳይበልጥ አይቀርም። ነዳጁ ግን ያኔም ችግር፣ ዛሬም ችግር።

እኔ የአንድ መንግሥት መሥሪያ ቤት ሜካኒክ ነበርኩ፤ ጋሽ ሙላት ደግሞ የፒካፗ ሹፌር። የተወለዱት ደቅ ላይ ነው፤ በሐይቁ መሐል ካለው፣ ታንኳ እንጂ መኪና ከማያውቀው ደሴት። ከዚያ የወጣ ሰው እንዴት እንዲህ ያለ ሹፌር እንደሆነ እስካሁን ግራ ይገባኛል። ሲነዱ ሙሉ እንስራ ያዘለች ሴት ይመስሉ ነበር። ነዳጅ የሚሰጡት በቀስታ ነው። ላም መንገድ ላይ ከሩቅ ካዩ ከሩቅ እግራቸውን ያነሣሉ፤ ላሟ ጋ ሲደርሱ መኪናዋ ራሷ ረግባ፣ ፍሬን ሳይዙ ላሟ አልፋለች። ማርሽ ሲቀይሩ አጠገባቸው የተቀመጠ ሰው አይሰማውም። ነዳጅ ለመቆጠብ ቁልቁለት ላይ ሞተር የሚያጠፉ ሹፌሮች ነበሩ፤ እሳቸው ግን፣ «ሞተር ከጠፋ ፍሬኑ ይከዳል፤ ለአንድ ጭላፊ ቤንዚን ብዬ ሰው አልገድልም» ይሉ ነበር።

እንዲህ ያሉት ሰው ናቸው እንግዲህ ነዳጅ አባከኑ ተብለው የተከሰሱት። የስምሪት ኃላፊያችን ጓድ ሰሎሞን ይባላል። ከአዲስ አበባ የመጣ፣ ቀድሞ የሒሳብ አስተማሪ የነበረ ወጣት ነው። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ከቁጥር በቀር የሚያምነው ነገር አልነበረውም እንጂ። ነዳጅ በኩፖን የሚታደልበት ጊዜ ስለሆነ እያንዳንዷ መኪና በሊትር ስንት እንደምትሄድ ይከታተላል። አንድ ጠዋት ጋራዡ ድረስ መጣ።

«ጓድ ሙላት፣ ይህቺ መኪና በሊትር ዘጠኝ ኪሎ ሜትር መሄድ ሲገባት አንተ ስትነዳት ስድስትም አትሞላ። ቀሪውን ማን ጠጣው?» አለ። በአባቱ ዕድሜ ያለውን ሰው አንተ እያለ ነው የሚያናግረው፤ ጓድ መባባል የመጣ ጊዜ አንቱታው አብሮ ቀርቶ ነበር።

«እኔ ቤንዚን አልሸጥሁም» አሉ ጋሽ ሙላት።

«ሸጥክ አላልኩም። በሊትር ስንት ትሄዳለች ነው ያልኩህ።»

«እንደ መንገዱ ነው።»

«እንደ መንገዱ የሚባል ቁጥር የለም!»

በዚያ ዘመን የመንግሥት ነዳጅ ሸጠ መባል ሥራ ማጣት ብቻ አይደለም። አሻጥረኛ ይባላል። አሻጥረኛ የተባለ ሰው ከታሰረ በኋላ መቼ እንደሚወጣ፣ መውጣቱንም የሚያውቅ አልነበረም። ጓድ ሰሎሞን ነገሩን በፈተና ለመቁረጥ ወሰነ። በሦስተኛው ቀን የነዳጅ ታንከሯ እስከ አንገቷ ይሞላል፤ ጋሽ ሙላት እሱን አጠገባቸው አስቀምጠው ከከተማው ወጣ ብላ ካለችው መሸንቲ ደርሰው ይመለሳሉ፤ ከዚያ እንደገና እስከ አንገቷ ስንሞላት የገባው ቤንዚን በሊትር መስፈሪያ ይለካል። ለኪው እኔ ነኝ።

እኔ ምን እንዳሰብኩ ልንገራችሁ። መኪናዋ ሩቅ ከሄደች ጋሽ ሙላት ይድናሉ፤ ይኸው ነው ያሰብኩት። ሌላ ነገር ወደ ጭንቅላቴ ዝር አላለም። ሁለት ቀን ሙሉ እሷ ላይ ተደፋሁ። መለዋወጫ የለም ተብሎ ስንት ወር የተተወውን ሁሉ በዘዴ ሠራሁት። አፈር የጠጣውን የአየር ማጣሪያ አውጥቼ ጣልኩና ከተበላሸ መኪና ላይ የተሻለ ፈትቼ አስገባሁ። እሳት የሚጭሩትን ካንዴላዎች በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍጌ ክፍተታቸውን በምላጭ ለካሁ። ካርቡራተሯን አጠብኩ። የኋላ ፍሬኗ እየያዘ፣ ጎማውን ሳይታወቅ ሲጎትት የኖረ መሆኑን ያገኘሁት ያኔ ነው፤ ለቀቅኩት። የረገቡትን ጎማዎች በእጅ ፓምፕ ወገቤ እስኪቆረጥ ነፋሁ። የኋላ መጫኛዋ ላይ ታስረው የሚኖሩትን ከባድ ብረቶች ፈታሁ። ለጋሽ ሙላት አንድ ቃል አልተነፈስኩም፤ ላስደስታቸው ነው።

የፈተናው ቀን የመሸንቲ ገበያ ቀን ነበር። ጓድ ሰሎሞን ከሹፌሩ አጠገብ፣ እኔ ከኋላ ተቀመጥን። ከግቢው እንደወጣን ጋሽ ሙላት በጎን መስተዋቱ አዩኝ፤ የተደሰቱ መስሎኝ ሳቅኩላቸው። መኪናዋ ትንሳፈፋለች። መንገዱ ላይ ካለችው ሰባታሚት ስንደርስ ግን አንድ የማይገባኝ ነገር አየሁ። የኔታ ፍስሐ፣ የቅኔ መምህሩ፣ ጥቁር ጃንጥላቸውን ይዘው ዋርካው ሥር ቆመዋል። መኪናዋን ሲያዩ ልክ የቀጠሯት ያህል ከረጢታቸውን አንሥተው ወደ አስፋልቱ ቀረቡ። ጋሽ ሙላት አንገታቸውን ሰብረው አለፏቸው። የኔታ እጃቸውን አንሥተው ቀሩ። ትንሽ ወረድ ብሎ ደግሞ ሴቶች ዶሮ ታቅፈው፣ አንድ አባወራ ጤፉን በስልቻ አስደግፎ፣ ሁሉም መኪናዋን ሲያዩ ብድግ፣ ብድግ። ጋሽ ሙላት ማለፍ፣ ማለፍ። አንዲቱ ሴት፣ «ሙላት! ምነው!» ብላ ስትጮህ ሰማኋት። በጓድ ሰሎሞን ፊት መቆም እንደማይቻል ገብቶኛል፤ ሁሉም እሳቸውን በስም ማወቁ ነው ግራ ያጋባኝ።

ተመለስን። እየለካሁ ስሞላ ቤንዚኑ አንገቷ ላይ ቶሎ ደረሰብኝ። የተሳሳትኩ መስሎኝ ሦስት ጊዜ አየሁ። ዘጠኝ አይደለም፣ ከዐሥራ አንድ በላይ ሄዳለች! ደስታዬ አላስቀምጥ አለኝ። «ጋሽ ሙላት፣ እንኳን ደስ አለዎት! ይኸው!» ብዬ ጮህኩ። እሳቸው የመኪናዋን መስታወት እየወለወሉ ነበር፤ ዞር አላሉም። ጓድ ሰሎሞን እርሳሱን ነከስ አድርጎ ቁጥሩን አየና ቀስ ብሎ፣ «እንዲህ የምትሄድ መኪና ናት እንግዲህ ስንት ወር ስድስት ሳትሞላ የኖረችው? ቀሪው የት ሄደ?» አለ።

ያዳንኳቸው መስሎኝ በገዛ እጄ ማስረጃ አበጀሁባቸው። አፌን ከፍቼ፣ «መኪናዋ ታማ ነበር፤ ትናንት ነው ያዳንኳት» ማለት ነበረብኝ። ብል ደግሞ፣ «ታዲያ ስንት ወር ታማ እያየህ ለምን ዝም አልክ?» እባላለሁ፤ አሻጥረኛው እኔ እሆናለሁ። ከዓመታት በኋላ ይህን ታሪክ ለሰው ስናገር ወዲያው ተናገርኩ እል ነበር። ውሸት ነው። አልተናገርኩም። ፈራሁ። ጋሽ ሙላትም ስለነዚያ ሰዎች ትንፍሽ አላሉም፤ ቢናገሩ ሰዎቹ በስማቸው ሊጠሩ ነው። የኔታን የመሰለ ሰው ያኔ ካድሬ ፊት ማቆም ቀላል ነገር አልነበረም። ቀበሌ ወስደው ዘጉባቸው።

በማግስቱ ባለቤታቸው እትዬ ዘነቡ ስንቅ አድርሰው ሲመለሱ ጋራዡ በር ላይ ቆሙ።

«ልጄ፣ መኪናዋ እንዴት ሆነች?»

«ደኅና ሆነች፣ እትዬ። በጣም ደኅና ሄደች።»

«ታዲያ እሱን ለምን አሰሩት?»

እንዴት ብዬ ላስረዳ? ደኅና ስለሄደች ነው ልበላቸው? ባዶ ሳህናቸውን አቅፈው ትንሽ አዩኝና ሄዱ።

ሦስተኛው ቀን ይሁን አራተኛው፣ ረፋዱ ላይ የኔታ ፍስሐ ከአሥራ ምናምን ሰው ጋር በእግራቸው ግቢያችን ደረሱ። ጥበቃው ሊመልሳቸው ሲል ጓድ ሰሎሞን ወጣ።

«ጌታዬ፣ ሙላትን ምን በድለነው እንደሆነ ይንገሩን» አሉ የኔታ።

«ምን ማለትዎ ነው?» አለ። ለእሳቸው አንቱታው መጣለት።

«መንገድ ላይ አይቶን አልፎ አያውቅም። ያን ለት ዐይኑን ሰብሮ አለፈን። ይህ ሰው ቢቀየመን ነው አልን። ቤቱም የለም አሉን። ይቅርታ ልንለው ነው የመጣን።»

ጓድ ሰሎሞን ተራ በተራ አያቸው። «ይጭናችኋል ማለት ነው? በመንግሥት መኪና?»

«ገበያ በሆነ ቁጥር፤ የታመመ ሲኖርም እንዲሁ። አንዳንዴ አሥር፣ አንዳንዴ ሃያ እንሆናለን። እህሉና በጉ ሳይቆጠር።»

«ስንት ያስከፍላችኋል?»

የኔታ የተሰደቡ ያህል ቀና አሉ። «እንኳን ሊያስከፍል፣ ለውለታው ብለን አንድ እንቁላል ብንሰጠው እምቢ ያለ ሰው ነው።» ከዚያ የጓድ ሰሎሞንን ፊትና የእኔን ፊት አፈራርቀው አዩ። ነገሩ የገባቸው ያኔ ይመስለኛል። ጃንጥላቸውን አጠፉና፣ «እሱ የታሰረው በነዳጅ ከሆነ ነዳጁን የበላነው እኛ ነን። እኛን እሰሩን» አሉ።

ጓድ ሰሎሞን እንዲያ ግራ ሲገባው አይቼው አላውቅም። ወረቀት ላይ ቁጥር ጻፈ፣ ሰረዘ። በመጨረሻ፣ «ይህ መረጋገጥ አለበት። ከሰዓት በኋላ ሁላችሁም ትጫናላችሁ። ሙላት ይምጣና ይንዳ» አለ። እኔ ግን በልቤ አሰላሁ። መኪናዋ እንደዚያ ተሠርታ ሃያ ሰው ብትጭን እንኳ ከሰባት ከስምንት አታንስም፤ ስድስት ካልወረደች ደግሞ አሁንም የጠፋ ነዳጅ አለ ማለት ነው። ሰው ሁሉ ምሳ ሲወጣ ጋራዡን ዘጋሁ። አፈር የጠጣውን ማጣሪያ ከቆሻሻ በርሜል አውጥቼ መለስኩት። ፍሬኑን እንደ ድሮው አስያዝኩት፤ ጎማውን አስተነፈስኩ፤ ብረቶቹን አሰርኩ፤ ካንዴላዎቹን ጥቀርሻ ቀባሁ። ሁለት ቀን የፈጀብኝን ሥራ በአንድ የምሳ ሰዓት አፈረስኩት። ያደረግኩት ማጭበርበር ነው ወይስ እውነቱን ወደ ቦታው መመለስ? አላውቅም። ይህን ያህል ዘመን አስቤበት አሁንም አላውቅም።

ጋሽ ሙላት ጢማቸው አድጎ መጡ። የኔታ ከፊት፣ ሌላው ከነስልቻው፣ ከነዶሮው፣ ከነበጉ ከኋላ ተሳፈረ። መኪናዋ እያቃሰተች መሸንቲ ደርሳ ተመለሰች። ለካሁ። ስድስት አልሞላችም፤ ቁጥሩ የወር የወሩን መሰለ። ጓድ ሰሎሞን ሦስቴ ደምሮ ሦስቴ አካፈለና፣ «ትክክል ነው» አለ። ሊስቅ ምንም አልቀረውም ነበር። ሌባ አይደሉም ተባለ። ያልተፈቀደ ሰው ጭነዋል ተብሎ ግን ቁልፉን ተቀበሏቸው፤ ግቢ ጠባቂ አደረጓቸው። ያ ሹፌር ሌሎች ሲወጡና ሲገቡ በር ከፋች ሆኖ ቀረ። ማለዳ ማለዳ ስገባ ሰላም እላቸዋለሁ፤ ዐይናቸውን ግን አላይም። ሥርዓቱ ሲቀየር እትዬ ዘነቡን ይዘው ደቅ ገቡ። መኪና ወደሌለበት ደሴት። ከዚያ ወዲህ አልተያየንም ነበር።

እና አሁን፣ በዚህ ሁሉ ዘመን ማዶ፣ ለዐይናቸው ሕክምና ከደቅ በጀልባ መጥተው ሰልፉን እያዩ ሲሄዱ፣ ያለ እኔ መኪና መኪና የጠፋ ይመስል እኔ ጋ ቆመው፣ «ይቺ በሊትር ስንት ትሄዳለች?» ይሉኛል።

«እንደ መንገዱ ነው፣ ጋሽ ሙላት» አልኳቸው።

ትክ ብለው አዩኝና ሳቁ። ወርጄ ጉልበታቸውን ልስም ስል ከለከሉኝ። እዚያው አስፋልት ላይ፣ ሰው እየሰማ፣ የያዝኩትን ሁሉ አወጣሁት።

«ያን ጊዜ ለፈተናው መኪናዋን ሠርቻት ነበር። ሳልነግርዎት። እኔ ነኝ ያሳሰርሁዎት።»

«ዐውቃለሁ።»

«ለሁለተኛው ደግሞ መልሼ አበላሸኋት።»

«እሱንም ዐውቃለሁ። ፍሬኗ ሲይዝ እግሬ አይሰማም እንዴ? ከግቢ ሳልወጣ ነው የነቃሁብህ።»

«እንዲያ ከሆነ በመጀመሪያው ቀን ለምን ዝም አሉ? እግርዎን ጫን፣ ፍሬኑን ያዝ ያዝ ቢያደርጉ ብዙ ትበላ ነበር። ነጻ ይወጡ ነበር። አላወቁም ነበር?»

«ኧረ ዐውቄ ነበር።» በከዘራቸው ጎማዬን ነካ አደረጉ። «ሰባታሚትን እንዳለፍን ፍሬን ልይዝባት ብዬ እግሬን አነሣሁ። እምቢ አለኝ። አይ ልጄ፣ አንተ መሪዋን አልያዝህም እንጂ እንዴት ነበር የሄደችው! ስንት ዘመን እያነከሰች አገልግላኝ፣ አንድ ቀን ድና ልትሄድ ብትል እኔ ላስነክሳት? አላስችል አለኝ። ብታሰርም ልታሰር አልሁ።»

ይህን ከሰማሁ ወዲህ የተሰማኝ መቅለል ይሁን መክበድ አልለየሁትም። ያን ሁሉ ዓመት ጥፋቱን ብቻዬን ተሸክሜ ነበር፤ አሁን ግማሹን ወሰዱልኝ፤ ታዲያ ለምን እንደዚያ አለቀስኩ? በዚህ መሐል ሰልፉ ተንቀሳቀሰ። ነዳጅ እንዳያልቅ ማንም ሞተር አያስነሣም፤ ሁሉም መኪናውን በእጁ ይገፋል። አንድ ሰው መሪ መያዝ ነበረበት። የሹፌሩን በር ከፈትኩና፣ «ይግቡ፣ ጋሽ ሙላት» አልኳቸው። «ዐይኔ እኮ ደክሟል» አሉ፤ ግን ገቡ። መሪውን በሁለት እጃቸው ይዘው ቀጥ ብለው ተቀመጡ። እኔ ከኋላ ሆኜ፣ አጠገቤ ካለ ሰው ጋር መግፋት ጀመርኩ። ቸኩዬ ኖሮ መኪናዋ ዘለል አለች።

«ቀስ!» ብለው ጮኹ ከውስጥ። «ቀስ ብለህ ግፋ እንጂ፤ ሰው ጭነናል!»

የኋላ መጫኛውን አየሁ። ማንም አልነበረም። ቀስ ብዬ ገፋሁ።